ከሱ ፎልስ እስከ ሚቸል፦ ጥይት የከሸፈበት የበቆሎ ማሳ

ሳውዝ ዳኮታ ብዙ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚያያት የአሜሪካ ግዛት አይደለችም። ልጄ ከነቤተሰቡ የሚኖረው በትልቋ ከተማዋ በሱ ፎልስ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ቢግ ሱ የተባለው ወንዝ በሮዝማ ድንጋይ ላይ እየተንደረደረ ከሚሠራው ፏፏቴ ነው። የእኛን ሰዎች ጨምሮ ብዙ ስደተኞች በሥጋ ፋብሪካ ይሠሩባታል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄን ልጠይቅ የሄድኩት በጥቅምት ነበር። በዚያ አገር ጥቅምት የፌዘንት አደን ወር ነው። ፌዘንት ከቆቅና ከጅግራ ወገን ስትሆን፣ ከእስያ መጥታ የተላመደች ናት። በግዛቱ የመጀመሪያው የአደን ወቅት የተከፈተው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አንድ አዳኝ በቀን 3 ወፍ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ያውም ወንዱን። ተኩስ የሚጀመረውም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው።

የልጄ ወዳጅ የሆነ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋበዘንና በበቆሎ ያጌጠ ትልቅ አዳራሽ ወዳላት ወደ ሚቸል ከተማ አቅጣጫ ተጓዝን። የ12 ዓመት የልጅ ልጄም ጠመንጃ ሳይዝ ከአባቱ ጎን ይሄድ ነበር። ውሻው ደረቁን በቆሎ ሲያምስ አንድ ወፍ ተነሣ። ሽማግሌው ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ ብሎ ቀረ። ጥይቱ ከሸፈ።

ሰውየው ጠመንጃውን አልከፈተም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ማሳ እንዳዞረ ቆመ። «አያቴ፣ 30 ሰከንድ መቁጠር አለበት፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል» አለኝ ልጁ። የአደን ጥንቃቄ ትምህርት ወስዷል። እኔም የልብ ምት እንደምቆጥር ሁሉ ዓይኔን ሰዓቴ ላይ ተከልኩ።

የባሰው በኋላ መጣ። ሌላው ጥይት ሲተኮስ ድምፁ ፍስስ አለ። ሽማግሌው ወዲያው «አቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን ቢያሳልፍ አላሳለፈም። ባሩዱን ከእርሳሱ የሚለየው የፕላስቲክ ቡሽ ተወትፎ ቀርቷል። በላዩ ሌላ ጥይት ቢተኮስ ኖሮ አፈሙዙ ፈንድቶ እጁን፣ ምናልባትም አጠገቡ የነበረውን ልጅ ይጎዳ ነበር።

ጥይቶቹ ለዓመታት እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠው የኖሩ ናቸው። እርጥበት ባሩዱን ያዳክማል፤ የጠመንጃ ዘይትም እሳት አስነሺው ክፍል ውስጥ ከገባ ያከሽፈዋል። ሌላም አደጋ አለ፦ 20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ይወተፋል። 20 ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ የሚቀባው ከሌላው እንዲለይ ነው።

ሽማግሌው ጠመንጃውን መኪና ውስጥ ቆለፈበትና በዚያ ቀን አልተኮሰም። ልጄ ሁለት ወፍ ጣለ። ምራቴ ቢላ ሳይነካው የሞተ ነው ብላ አልቀመሰችም። የገበሬው ሚስት ስታበስል ግን ተመለከትኩ፤ እርሳሱ ያለፈበትን ሥጋ ቆርጣ ትጥላለች። መልካም አደረገች፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

ይህ ጉዳይ የዳኮታ ብቻ አይደለም። በየገጠሩ ከአባት የቀረ ጠመንጃና ሣጥን ሥር የተረሳ ጥይት አለ። በነርስነት ዘመኔ ያገኘውን ጥይት በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ጣቶቹን ያጣ ልጅ አክሜአለሁ። ስለዚህ አያቶች ሆይ፣ የረጠበ ጥይት ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር አታድርቁ። የከሸፈውንም ልጅ እንዲጫወትበት አትስጡ፤ ከሽፏል ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ጠመንጃና ጥይትን ለየብቻ ቆልፉ። ዕድሜው የማይታወቀውን ጥይት ለፖሊስ አስረክቡ። ልጆችም ወድቆ ያዩትን እንዳይነኩና ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ዛሬውኑ አስተምሯቸው።