ታይፎይድ ነው ከመባሉ በፊት

ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የወባም የታይፎይድም ምርመራ ይታዘዝለታል። ሁለቱም ከደም ስለሚሠሩ እኩል እናምናቸዋለን፤ ይህ ግን ትልቅ ስህተት ነው። የወባው ምርመራ ራሱን ተውሳኩን ያሳያል። ከጣት የተወሰደችው ጠብታ ስላይድ ላይ ተቀብታ በጂምሳ ቀለም ስትነከር፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ ያየው ጥገኛ ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ወፍራሙ ቅብ ተውሳኩ መኖሩን ይናገራል፤ ስሱ ቅብ ዝርያው ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ ይለያል። ባለሙያው «የለም» ለማለት እንኳ ቢያንስ 100 የእይታ መስክ መቃኘት አለበት።

ለታይፎይድ የሚታዘዘው ዊዳል ግን ባክቴሪያውን አያሳይም። የሚፈትሸው ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ ዱካ አይቶ ጅቡ እዚህ ነው እንደማለት። አንቲቦዲ በሽታው ከለቀቀ በኋላ ለወራት ይቆያል፤ ሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ፣ ወባም ጭምር፣ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰው 1:80 የአንቲቦዲ መጠን ቢያሳይ አይገርምም። በወጉ ይሠራ ከተባለ በቀናት ልዩነት ሁለት ናሙና ተወስዶ መጠኑ አራት እጥፍ መጨመሩ መታየት አለበት። በአንድ ናሙና ብቻ «ሪአክቲቭ» ተብሎ የሚጻፈው ወረቀት ስንቱን ያለ በሽታው አንቲባዮቲክ አስውጦታል!

ባክቴሪያውን ራሱን የሚያሳየን የደም ካልቸር ነው። ከደም ሥር የተቀዳው ደም ምግብ ባለው ጠርሙስ ተደርጎ በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቆያል፤ የበቀለው ባክቴሪያ ማንነቱ ይለያል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይፈተናል። ዊዳል ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ፈጽሞ አይመልስም፤ ለታይፎይድ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን በብዙ አገር እየከሸፈ ባለበት ዘመን ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

«በሽተኛው ቀናት መጠበቅ አይችልም» ይባላል። ማንም ይጠብቅ አላለም። ደሙ ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ይቀዳ፣ ሕክምናው በሐኪሙ ግምት ይጀመር፣ ውጤቱ ሲደርስ ይስተካከል። «ካልቸርም ከአሥር ሕሙማን አራቱን ያህል ይስታል» የሚለው እውነት ነው። ምክንያቱ በደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከአዋቂ ቢያንስ 8 ሚሊ ሊትር ደም፣ ያውም አንቲባዮቲክ ሳይወሰድ፣ መቅዳት ያስፈልጋል። ካልቸር ሲስት «አላገኘሁም» ይላል፤ ዊዳል ሲስት ግን የሌለ በሽታም ሊሰጥ ይችላል።

ከባዱ መከራከሪያ ዋጋው ነው። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ካልቸር ይሥራ ማለት ዛሬ የማይሆን ነገር ነው። ናሙናን ወደ ትልቅ ላብራቶሪ መላክ ግን ይቻላል፤ የቲቢና የኤችአይቪ ናሙና በፖስታ ሲጓጓዝ አይተናል። እስከዚያው ለዊዳል የሚወጣው ገንዘብ ለደህና የወባ ምርመራና ለጥሩ ክሊኒካዊ ምርመራ ቢውል ይሻላል። እናንተም «ታይፎይድ አለብህ» ስትባሉ በየትኛው ምርመራ እንደታወቀ ጠይቁ፤ መልሱ ዊዳል ብቻ ከሆነ መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት ካልቸር የሚሠራበት ቦታ እንዳለ ሐኪማችሁን አማክሩ።