የእማዬ አዲስ ጉልበት

እማዬ የጉልበት መገጣጠሚያዋን በቀዶ ጥገና ካስቀየረች ወዲህ ጠያቂው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ፣ ብቻ አትንቀሳቀሺ» ይላታል። ከፍቅር ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ጉልበት ተኝተው አይድንም። ፊዚዮቴራፒስቱ በማግስቱ ነው በዎከር ያስቆማት። አሁን አልጋዋ ላይ ተረከዟን እያንሸራተተች ጉልበቷን ቀስ አድርጋ ታጥፋለች፤ ደም እንዳይረጋ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይ ወደ ታች ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ በረዶ በፎጣ ጠቅልለን እንይዝላታለን። ከጉልበቷ ሥር ትራስ ማድረግ ግን አይቻልም፤ ለጊዜው ቢመቻትም እግሯ በደንብ ሳይዘረጋ ይቀራል። ጥርሷን ነክሳ ስታጥፈው ማየት ልቤን ይበላዋል። ሐኪሙ ያዘዘላትን ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ቀደም ብላ መውሰድ ስትጀምር ቀለል አላት።

ዘመዶቼ፣ ስትመጡ «ተኚ» አትበሏት፤ ከጎኗ ሆናችሁ እስከ በረንዳው አብራችኋት ተራመዱ። ባቷ አብጦ ካመማት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ለነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት አድርሷት።