ጎህ ሳይቀድ የሚመጣው ባንድ

ከሃያና ከሠላሳ ዓመት ስደት በኋላ አገር ቤት የሚገባ ሰው ከሻንጣው ጋር አንድ ካርታ ይዞ ይመጣል፤ የጆሮ ካርታ። የብዙዎቻችንን ካርታ የሣለው ካሴትና የድሮ ሸክላ ነው። በተለይ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለውን የሲዲ ተከታታይ ጀምሮ የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ሥራዎች ለዓለም ካዳረሰ ወዲህ፣ ውጭ ያለው ሐበሻ የአገሩን ሙዚቃ ከ1960ዎቹ የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ለይቶ ማሰብ ተስኖታል። ስለዚህ ተመላሹ «ማንም ያልደረሰበት» ነገር ሲያምረው ወደ ደጋው ወጥቶ ያልተቀዳ ድምፅ ያፈላልጋል። በሰሜን ሸዋ፣ በወሎና በጎጃም ደጋ እንዲህ ያለ ድምፅ በእርግጥ አለ። ባለቤቶቹ ላሊበላዎች ይባላሉ፤ ሐሚና የሚላቸውም አለ። ባንዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው፤ ባልና ሚስት። ማሲንቆ የለው፣ ከበሮ የለው፣ መድረክ የለው፣ የቡድን ስም እንኳ የለው። ሥራውን ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ፀሐይ ከፍ ስትል ይጨርሳል። (ስማቸው ከላስታው ንጉሥና ከከተማው ስም ጋር አንድ በመሆኑ፣ ስለ እነሱ በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ነው። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይገኛል!)

ታዲያ «አገኘኋቸው» የሚለው የተመላሽ ቃል ትክክል አይመስለኝም። በደጋው ከተማ የኖረች እናት ሁሉ ታውቃቸዋለች። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ላሊበላዎች ጥናት አሳትመዋል፤ ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴም ፊልም ሠርተውላቸዋል። የጠፋ ነገር ካለ ከእነሱ ዘንድ የሚፈለግ አይደለም፤ ከእኛ በር ላይ ነው የሚፈለገው። አሠራራቸውን ላስተዋለ ይህ ግልጽ ነው። ላሊበላው አፉን ከመክፈቱ በፊት ጎረቤት ወይም መንገደኛ ጠይቆ የቤቱን ጌታ ስም፣ የእመቤቲቱን፣ የልጆቹን፣ ሥራቸውን ሳይቀር ይይዛል። ከዚያ ሚስት ዜማውን ታወጣለች፤ እሱ ከሁለት ደቂቃ በፊት የሰማውን ስም በግጥሙ እየሰካ ያወድሳል። ባለቤቱ እህል፣ ሳንቲም ወይም ልብስ ይዞ ብቅ ሲል ውዳሴው ወደ ምርቃት ይዞራል፤ መርቆም ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። እንግዲህ ይህ ጥበብ የሚቆመው ሁለት ነገር ሲኖር ነው፦ መንገድ ላይ የሚከፈት ደጅና ስምህን የሚያውቅ ጎረቤት።

ተመላሹን የሚያስደነግጠው የአገር ለውጥም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በደጋ ከተሞች ቤቱ አሁንም ፊቱን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ልጅ ሊነግርህ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በኮንዶሚኒየም ወደ ላይ ወጥታለች። ላሊበላው ጥበቃውን ቢያልፍ እንኳ አራተኛ ፎቅ ላይ ለተኛ ሰው ምን ብሎ ይዝፈን? የብሎክና የቤት ቁጥር ለውዳሴ አይመችም። ፒያሳና ካዛንቺስ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ደግሞ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ከግድግዳው ጋር «እዚህ ቤት ያለው ማነው?» ሲባል የሚመልሰው ጎረቤትም ሄደ። ይህን ስል ለተጎሳቆለ ሰፈር ሙሾ ማውረዴ አይደለም። የቀበሌ ቤት ጣራ ሲያፈስበት ላደረ፣ በጋራ ሽንት ቤት ወረፋ ላረጀ ሰው ስለ ናፍቆት መስበክ ነውር ነው። ግን የቤት ጥራትና የጎረቤት ዕውቂያ አብረው የማይሄዱ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱን ስንሠራ ሌላውን የረሳነው እኛ ነን።

«ይሄ እኮ ልመና ነው፤ ያውም በአጉል እምነት የተጠመጠመ» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላልም አይደለም። ከላሊበላዎች ቤተሰብ የተወለደ ሰው ወጥቶ ካልዘፈነ የሥጋ ደዌ ይይዘዋል የሚለው እምነት ከትውልድ ትውልድ ተላልፏል። ሰዎቹ እርስ በርስ እንዲጋቡ፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው እንዲወጡ፣ ልጆቻቸው እንዲሸማቀቁ ያደረገውም ይኸው ነው። በሽታው ከጀርም እንደሚመጣ ሐኪሙ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አሳይቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥም የአለርት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ በሽታ ተቋቁሟል፤ ዛሬ በመድኃኒት በወራት ውስጥ ይድናል። እምነቱን የምከላከልበት አንድም ምክንያት የለኝም። የምለው፣ ሰውን ከአልጋው አስነሥቶ የሚያስወጣው ፍርሃት አንድ ነገር ነው፣ ደጅ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሌላ። በጨለማ ቆሞ የማያውቀውን ቤተሰብ በስሙ እየጠራ ቤት የሚመታ ግጥም የሚደረድር ሰው ለማኝ ብቻ ከሆነ፣ ሠርግ ላይ በገንዘብ የሚያወድሰንን ድምፃዊ ምን ልንለው ነው? እምነቱ ሲሞት ጥበቡም ሊከተለው እንደሚችል ግን አልክድም፤ በደጋ ብርድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ያለ ፍርሃት የሚነሣ ጥቂት ነው። ልጃቸውን ትምህርት ቤት ልከው ዜማውን ሊተዉት ቢመርጡ መብታቸው ነው፤ እኛ ጆሮአችን ስለናፈቀ ልናስቀራቸው አንችልም።

ሌላው ወገን ደግሞ «ሳይጠፉ እንቅዳቸው፣ መድረክ እንስጣቸው» ይላል። ለዚህ ምሳሌ አለን። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች፣ የወሎው «ላሊበላ»፣ የጎጃሙ «ግሼ ዓባይ»፣ የጎንደሩ «ፋሲለደስ»፣ የየአገሩን ዜማ ወደ መድረክ አውጥተዋል፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ያየነው በዚያ መንገድ ነው። ያ የሠራው ግን ዘፈኑ ከመጀመሪያውም የአደባባይ ስለነበር ነው። የላሊበላ ግጥም ለአንድ በር የተሠራ ነው። ሲቀዳ ዜማው ይቀራል፣ ለአድማጩ የሚደርሰው ግን የማያውቀው ሰው ስም ነው፤ በሌላ ሰው አድራሻ የመጣ ደብዳቤ እንደ ማንበብ ያለ ነገር። ደግሞም እነዚህ ሰዎች መሰወርን ሥራዬ ብለው የያዙ ናቸው። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች ባሳተሙት መጽሐፍ የአዝማሪዎቹን መዝግበዋል፤ ላሊበላዎቹም ከውጭ ሰው የሚደበቁበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ፊቱን በነጠላ የጋረደ ሰው ላይ፣ ሳያስፈቅዱ፣ ስልክ ደቅኖ ቀርጾ ማሠራጨት ጥበቃ ሊባል አይችልም። የሚፈቅድ ካለ ይቀዳ፤ ዋጋውም ይከፈለው።

ስለዚህ ከውጭ ተመልሰው ባለ አጥር ግቢ የሠሩ፣ ወይም ለእናታቸው ኮንዶሚኒየም የገዙ አንባቢ፣ ባንዱን ፍለጋ ተራራ መውጣት አይጠበቅብዎትም። ጥበቃውን «ጠዋት የሚዘፍን ሰው ከመጣ አትመልሰው» ይበሉት። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤትዎ ስምዎን ይወቅ፤ ላሊበላው የሚጠይቀው እሱን ነው።