መጥቅዕ 11

ሰው በ46 ዓመቱ ደብተር ይዞ በልጆቹ እኩዮች መካከል ሲቀመጥ የሚያየው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቀዋል። እኛም በመገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ በማታ በተማርንባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ተለይቶን አያውቅም። ምክንያታችን አጭር ነበረ። ቀን ሒሳብ ለምናስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች መጡና በአንድ ክፍል ተቈልፎባቸው ቁልፉ ለእኛ ተሰጠን። የማያውቁትን ነገር ቈልፎ መጠበቅ የዘበኛ እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም ብለን ተመዘገብን።

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ዓመታቱ ሁሉ ሳይሆን ስለ መጨረሻው መንፈቀ ዓመት፥ ይኸውም በ2017 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሰኔ ስላሳለፍነው ጊዜ ነው።

ትምህርቱ የሚያበቃው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነበረ። ከዚያ በኋላ መገናኛ ወርደን ወደ ኮተቤ በሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ጅራት ላይ እንቆማለን። ከሰልፉ ሆነን ወደ ሰሜን ስንመለከት የየካ ተራራ ከነባሕር ዛፉ ጠቁሮ ይታያል፤ ከበታቹም የመኪናው መብራትና የረዳቶቹ ጥሪ ዕረፍት የለውም። ቤት ስንደርስ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቀው ልጃችን ከጠረጴዛው አንድ ወገን ተቀምጣ እናገኛታለን፤ በሌላው ወገን እኛ እንቀመጣለን። ባለቤታችን የዐቢይ ጾም ሽሮ አቅርባ በአንድ መብራት ሁለት ተፈታኝ ማሳደር እንደ ደረሰባት እየተናገረች ትስቅብን ነበር። የመጨረሻውን መንፈቀ ዓመት ክፍያ የከፈልነው በእርስዋ ዕቁብ መሆኑን ሳትናገር መቅረቷን ግን እኛ አንረሳውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ቢያንስ 50 ከመቶ ካላገኘም አይመረቅም። ለእርሱ ማጥናት አንድ ሥራ ነው። ሌላው ሥራ ደግሞ የመመረቂያ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በመምህራን ፊት ማስረዳት ነው። ወጣቶቹ ባልንጀሮቻችን ግማሾቹ የመድኃኒት ቤት ዕቃ መቈጣጠሪያ፥ ግማሾቹ የሆቴል አልጋ መያዣ መረጡ። እኛ ባሕረ ሐሳብን መረጥን። በልጅነታችን ለዲቁና ስንማር የኔታ በጣት አንጓ ያስቈጠሩንን፥ ሊቃውንት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ሰጥተው የሚናገሩለትን የአጽዋማትና የበዓላት ስሌት በኮምፒውተር ልናሠራው አሰብን። ከእኛ ይልቅ ይህን የሚያውቅ ተማሪ በክፍሉ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር የመረጥነው ስለዚህ ጭምር ነው።

ስሌቱን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር በዚያው በ2017 ዓ.ም. እናሳይ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያለው 5500 ዘመን ሲጨመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ስለ ዘመኑ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ እርሱም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ዘወትር 30 ናቸው። መጥቅዑ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፥ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ስለ ነበረ የረቡዕ ተውሳክ 4 ተጨመረና 33 ሆነ፤ 30ው ሲወጣለት ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ። በ3 ላይ 9 ሲጨመር 12 ነውና ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

ይህን ሁሉ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስንጽፈው ከ100 መስመር ብዙም አላለፈም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ስለ ገባ የበዓላቱን ስም በግእዝ ፊደል ማውጣት አላስቸገረንም። ያስቸገረን ዜሮ ነበረ። በግእዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ ስፍራው ባዶ ሲሆን አልቦ ብለን እናልፋለን፤ ኮምፒውተር ግን ቈጠራውን የሚጀምረው ከዚያው ነው። ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመት መጥቅዑ 30 እንጂ ዜሮ እንዳልሆነ አስታውሰን ለእርሱ ለብቻው አንድ መስመር ጻፍን። በዚህም ረቀቅ ያለውን ነገር የያዝን መስሎን ደስ አለን።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። ከ1950 እስከ 2030 ዓ.ም. ያሉትን 81 ዓመታት አሠርተን የነነዌንና የፋሲካን ቀን ከታተሙ መጻሕፍትና ከቀን መቍጠሪያዎች ጋር አስተያየን፤ አንድም ልዩነት አልተገኘም። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲጮኽ አድርገን ነበር፤ አንድ ጊዜም አልጮኸም። ከእኛ በዕድሜ በ15 ዓመት የሚያንሱት አማካሪያችን ውጤቱን አይተው «መምህር፤ ከእርስዎ በፊት እንዲህ የተፈተነ ሥራ አልመጣልኝም» አሉን። ጽሑፉን በሦስት ቅጂ አስጠርዘን አስረከብን።

በግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ሰፈር ወደሚኖሩት የኔታ ዘንድ ወጣን። ዓይናቸው ከደከመ ቈይቷል። የሄድነው ለምርቃት ነው እንላለን እንጂ በእርግጥ የሄድነው ለመታየት ነበረ። ኮምፒውተራችንን በመደቡ ላይ ዘርግተን እርሳቸው ዓመት ይጠሩልን፥ እኛ እናነብ ጀመር። 2017ን አነበብንላቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ጠሩ፤ ልክ ሆነ። በኋላ ፈገግ ብለው «እኔ የማልደርስባትን 2024ን ንገረኝ» አሉ።

«አበቅቴ 19፥ መጥቅዕ 11፥ ነነዌ የካቲት 15፥ ፋሲካ ሚያዝያ 24» ብለን አነበብን።

የኔታ ጥቂት ጊዜ አንጓቸውን ሲነኩ ቈዩና «ፋሲካዋ ልክ ናት። መጥቅዕ 11 ግን የለም» አሉ።

እኛም ሲደመር 30 እንደሚሆን፥ በዓሉም እንደ ገጠመ ለማስረዳት ሞከርን። እርሳቸው ግን አልተከራከሩንም። 19ኙን መጥቅዕ ከወንበር አልቦ ጀምረው እንደ ዳዊት ደገሙልን፦ 30፥ 19፥ 8፥ 27፥ 16፥ 5፥ 24፥ 13፥ 2፥ 21፥ 10፥ 29፥ 18፥ 7፥ 26፥ 15፥ 4፥ 23፥ 12። «ዐሥራ አንድን የት ሰማኸው?» አሉ። የትም አልሰማነውም። ወንበሩ 18፥ አበቅቴው 18፥ መጥቅዑ 12 መሆን ነበረበት። እንዴት እንደ ተሳሳትን እንዲነግሩን ስንለምናቸው «አንተ የጻፍኸውን አንተ ፈልገው፤ ልጄ» ብለው ቡና አስቀረቡልን።

በዚያች ሌሊት አገኘነው። 2024 ላይ 5500 ሲጨመር 7524 ይሆናል፤ ይህም በ19 ያለ ትራፊ ያልቃል። ከአልቦ ላይ አንድ ስለ ዘመኑ ሲቀነስ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ወደ ዙሩ መጨረሻ ተመልሶ 18 ይላል። እኛ የጻፍነው ፕሮግራም ግን ከዜሮ በታች አንድ አለ፤ እርሱንም ሳያፍር በ19 አባዝቶ በ30 ቢገድፈው 11 ወጣለት። ለወንበር አልቦ ተጨንቀን መስመር ስንጽፍ ከእርሱ በፊት ያለችውን ዓመት ረስተናታል። አበቅቴውም በአንድ ስለ በለጠ ድምሩ 30 ሆኖ የሠራነውን ጠባቂ አለፈው።

ፋሲካው ስለ ምን ገጠመ? ተውሳኩ ከመጥቅዑ ተነሥቶ ወደ ሰኞ ስለሚወስድ፥ መጥቅዑ በአንድ ቀን ቢያንስም ተውሳኩ በአንድ ይጨምርና ወደዚያው ሰኞ ያደርሳል። በ2024 ዓ.ም. ጥቅምት 12 ሐሙስ ነውና 12 እና 3፥ 15 ነው፤ ጥቅምት 11 ረቡዕ ነውና 11 እና 4፥ ያው 15 ነው። ይህ የማይሆነው እውነተኛው መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ብቻ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲሆን የዓርብ 2 ነውና። ስለዚህ ፕሮግራሙን እስከ 2100 ዓ.ም. አስኬድነው። ከ1950 ጀምሮ ባሉት 151 ዓመታት ውስጥ የተሳሳተች ፋሲካ አንዲት ብቻ ተገኘች፤ የ2043 ዓ.ም.። እውነተኛው ቀን ሚያዝያ 29 ነው፤ የእኛ ሚያዝያ 22 አለ። ሚያዝያ 22 ሆሣዕና ነው።

ልጃችን ጠረጴዛው ላይ ራሷን አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። በ2043 ዓ.ም. የ43 ዓመት ሴት ትሆናለች። እኛ ብንቈይ 72 ይሞላናል። የአባቷን ፕሮግራም አምና በሆሣዕና ቀን በግ አሳርዳ ልጆቿን ስታስገድፍ ታየችን። ማንም በዚህ ፕሮግራም ፋሲካ አያውጅም፥ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሊቃውንት አሏት ብለን ራሳችንን ለማጽናናት ሞከርን፤ አልጠቀመንም።

የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት ለማንም ሳንናገር ዋልን። ጽሑፉ ተጠርዟል፤ የምናስረዳበት ቀን 10 ቀን ቀርቶታል፤ የመውጫው ፈተናም ከፊታችን ነው። እንደገና ማሳተምና ማስጠረዝ ደግሞ የባለቤታችንን መቀነት መፍታት ነው። በሦስተኛው ቀን ለአማካሪያችን ነገርናቸው። እርሳቸውም በጽሑፉ እንደ ተገለጠው ፕሮግራሙ የተፈተነው እስከ 2030 ስለሆነ 2043 ከወሰኑ ውጭ መሆኑን፥ ዝም ብንል ማንም እንደማይጠይቀን በቅንነት አስረዱን። ቀጥለውም ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ማግኛ ቀመር አሳትሞ፥ እጅግ በራቁ ዓመታት ብቻ የሚታየውን ስሕተቱን በ1816 እ.ኤ.አ. እንዳረመ አጫወቱን። ጋውስ 16 ዓመት ነበረው፤ እኛ ያለን አንድ ሳምንት ነው አልናቸውና ሁለታችንም ሣቅን።

የታረመው መስመር የአንድ ቃል ያህል ነው፤ አንዱን ከቀነሱ በኋላ እንደገና በ19 መግደፍ ብቻ። ማስጠረዙን ግን አቅማችን ስላልቻለ አንድ ገጽ እርማት አትመን በየቅጂው ፊት ለጠፍን። ለባለቤታችንም ስንነግራት «የለጠፋችሁት ይታያል?» አለችን። ይታያል አልናት። «እንግዲያው ጥሩ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በሰኔ የምናስረዳበት ቀን ሲደርስ ከሌላው ሁሉ በፊት 2024ን አስቀድመን፥ አሮጌውንና አዲሱን ፕሮግራም ጎን ለጎን አሳየናቸው። ከፈታኞቹ አንዱ 81 ዓመት ፈትናችሁ ይህ እንዴት አመለጣችሁ ብለው ጠየቁን። የፈተንነው በዓላቱን እንጂ ወደ በዓላቱ የሚወስዱትን ቍጥሮች አለመሆኑን ተናገርን። እንዴት እንደ ተገኘ ሲጠይቁንም ዓይናቸው የደከመ አንድ መምህር በቃላቸው እንዳገኙት አስረዳን። በክፍሉ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ ወይም ለእኛ እንዲያ መሰለን። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ቃል በቃል መያዝ እንደ ኋላ ቀርነት ሲነገር ስንሰማ ስንት ዓመት ዝም እንዳልን በዚያች ሰዓት ትዝ አለን። እኛም ለተማሪዎቻችን እንዲሁ ብለናል። የተሰጠን ማርክ ቢ ፕላስ ነው። የመውጫውንም ፈተና ከሳምንት በኋላ ወስደን አለፍን።

ከምርቃቱ በኋላ ጋዋኑን በፌስታል ይዘን ወደ የኔታ ወጣን። ጨርቁን በእጃቸው ዳሰሱና ስለ ዋጋው ጠየቁን፤ የኪራይ መሆኑን ስንነግራቸው ደስ አላቸው። ከዚያም ኮምፒውተሩን ልንከፍት ስንል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉን።

«አሁን አንተ በቃልህ በላቸው» አሉ።

ከ30 ጀመርን፤ 19፥ 8፥ 27፥ 16፥ 5፥ 24፥ 13 አልን። ከዚያ ወዲያ ጠፋን። የኔታ ጥቂት ጠበቁና በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንመለስ ነግረውን ባረኩን።