ሰፈሩ ፈረሰ፣ ጭፈራው ቀረ

ሰው የወደደውን ዘፈን ደጋግሞ ይሰማል፤ የወደደውን ፊልም ደጋግሞ ያያል። ይህን ልማድ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። «አንዴ ካዩት በኋላ መጨረሻው ይታወቅ የለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፤ መጨረሻው ይታወቃል። ነገር ግን ዓይናችን ከዋናዎቹ ተዋንያን ፈቀቅ ብሎ ጓዳውን፣ ደጃፉንና መንገዱን ማየት የሚጀምረው መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ጊዜ ወዳየሁት የዳንስና የሙዚቃ ፊልም፣ ከዚያም ፊልሙ ወደ ተነሣበት ሰፈር አብረን ጥቂት እንጓዝ። የፊልሙ ስም «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ይባላል። ቦታው የኒው ዮርክ ከተማ ነው፤ በማንሃታን ደሴት በምዕራብ በኩል ይገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ፊልሙን ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። መሠረቱ የሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት የጎረምሶች ቡድኖች አሉ። አንደኛው «ጄትስ» ይባላል፤ አባሎቹ ወላጆቻቸው ከአውሮፓ የፈለሱ ነጮች ናቸው። ሁለተኛው «ሻርክስ» ሲሆን ከፖርቶ ሪኮ ደሴት የመጡ ወጣቶች ቡድን ነው። የሚጣሉትም ጥቂት መንገዶችንና አንድ የመጫወቻ ሜዳ የኔ ነው፣ የኔ ነው በመባባል ነው። የሻርክስ መሪ የበርናርዶ እኅት ማሪያና የጄትስ ባልደረባ የነበረው ቶኒ ይፋቀራሉ። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም፤ ደም ይፈሳል።

ይህ ሥራ መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1957 በብሮድዌይ፣ በዊንተር ጋርደን ቴአትር ቤት ነበር። 732 ጊዜ ታይቷል። ሐሳቡን አመንጭቶ ዳንሱን ያዘጋጀው ጄሮም ሮቢንስ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ሊዮናርድ በርንስታይን፣ ግጥሙን የጻፈው ስቲቨን ሶንድሃይም፣ ድርሰቱን የጻፈው ደግሞ አርተር ሎረንትስ ነው። ሮበርት ዋይዝና ጄሮም ሮቢንስ ያዘጋጁት ፊልም በ1961 ወጥቶ አሥር የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል።

የዳንሱን ነገር በቃል መግለጽ ያስቸግራል። ጎረምሶቹ በጣታቸው ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ መራመድ ይጀምራሉ። እርምጃው ቀስ በቀስ ይለወጥና ሳናውቀው ጭፈራ ሆኖ እናገኘዋለን። በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን ንዴት ጎረምሳው በእግሩ ይናገረዋል። እኛ በትከሻችን ስንት ነገር እንደምንናገር የምታውቁ አንባቢያን ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም። ሮቢንስ ቴአትሩን ሲያለማምድ የሁለቱን ቡድን ዳንሰኞች እርስ በርስ እንዳይቀላቀሉ ይለያያቸው እንደነበረ ይነገራል። ጠቡ በመድረክ ላይ እውነት መስሎ እንዲታይ ብሎ ነው።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ በቪዲዮ ካሴት ነበር። ያን ጊዜ የማየው ማሪያንና ቶኒን ብቻ ነበር። ወጣት ልብ ከፍቅረኞቹ ሌላ ማንን ያያል? እንደገና ሳየው ግን ዓይኔ ያረፈው በአኒታ ላይ ነው።

አኒታ የበርናርዶ ወዳጅ ናት። ከማሪያ ጋር በሙሽራ ልብስ መሸጫ ሱቅ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። «አሜሪካ» በተባለው ዘፈን ሴቶቹና ወንዶቹ በሕንፃ ጣሪያ ላይ በጭፈራ ይከራከራሉ። ወንዶቹ የደረሰባቸውን ንቀት ይቆጥራሉ። ሴቶቹ ግን እዚሁ ሠርተን እንኑር ይላሉ። በመድረክ ላይ ይህ ክርክር የሴቶች ብቻ ነበር፤ ወንዶቹ የገቡበት በፊልሙ ነው። መጀመሪያ ሳየው የቀሚሶቹ መሽከርከር ብቻ ነበር የታየኝ። እየደጋገምሁ ሳየው ግን በየቤታችን ማታ ማታ የሚሰማ ክርክር ሆኖ አገኘሁት፤ እንሂድ ወይስ እንቅር፣ የሚያዋጣን የትኛው ነው የሚል ክርክር።

የአኒታን ክፍል የሠራችው ሪታ ሞሬኖ ናት። በ1931 በፖርቶ ሪኮ ተወልዳ በልጅነትዋ ከእናትዋ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ፈለሰች። ታናሽ ወንድምዋ እዚያው ቀረ። እናትዋም ልብስ እየሰፉ ነው ያሳደጓት። እንግዲህ አኒታ መርፌ ይዛ ስትታይ ተዋናይቱ የእናትዋን ሥራ ታስታውስ ይሆናል ብንል ስሕተት አይሆንም። ሞሬኖ በዚህ ሥራዋ ኦስካር ስትሸለም በትወና ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሴት ሆነች። ሆኖም ፊልሙን የሚወድ ሰው ጉድለቱንም መናገር አለበት። በርናርዶን የሠራው ጆርጅ ቻኪሪስ ወላጆቹ ግሪኮች ናቸው። ማሪያ ሆና የተጫወተችው ናታሊ ዉድም ወላጆቿ ከሩሲያ የፈለሱ ናቸው፤ የምንሰማው የዘፈን ድምፅ ደግሞ የማርኒ ኒክሰን ነው። የፖርቶ ሪኮ ሰው ሆነው የተጫወቱት ሁሉ ፊታቸውን አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም እንዲቀቡ መደረጉ እንዳሳዘናት ሞሬኖ በኋላ ደጋግማ ተናግራለች። የአንድ ሕዝብ ልጆች መልካቸው ልዩ ልዩ መሆኑን ማን ያጣዋል?

አሁን ወደ ሰፈሩ እንሂድ። በኒው ዮርክ በምድር ውስጥ በሚሄደው አንድ ቁጥር ባቡር ተሳፍራችሁ 66ኛ መንገድ ላይ ብትወርዱ ሊንከን ሴንተር ከተባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል ደጃፍ ትደርሳላችሁ። ከሰፊው አደባባይ መካከል የውሃ ፏፏቴ አለ። ፊት ለፊት የሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ በቀኝ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ አዳራሽ፣ በግራ የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ቴአትር ቤት ቆመዋል። ማታ መብራቱ ሲበራ በጣም ያምራል። ሰዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው በፏፏቴው ዙሪያ ይንሸራሸራሉ።

እንግዳ ሰው ይህን ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ይሁንና እነዚህ ሕንፃዎች የቆሙበት መሬት ባዶ ሜዳ አልነበረም። ሳን ሁዋን ሂል የሚባል የጥቁር አሜሪካውያንና የፖርቶ ሪካውያን ሰፈር ነበር። የጭፈራ ሰፈርም ነበር። በ62ኛ መንገድ በነበረ አንድ የዳንስ ቤት ጄምስ ፒ. ጆንሰን የተባለው ፒያኖ ተጫዋች፣ ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች ሲጨፍሩ እያየ ሙዚቃ ይሠራ ነበር። በ1920ዎቹ ዓለምን ያዳረሰው «ቻርልስተን» የተባለው ዳንስ ሙዚቃም የእሱ ነው። ታላቁ የጃዝ ሰው ቴሎኒየስ መንክ ያደገውና አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በ63ኛው መንገድ ነው፤ የኖረበት ሕንፃ ሳይፈርስ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው።

በ1950ዎቹ የከተማው ባለ ሥልጣን ሮበርት ሞዝስ ሰፈሩ ጎስቋላ ነው፣ ይፍረስና ይታደስ አለ። ከ7,000 በላይ ቤተሰቦችና 800 ያህል ንግድ ቤቶች ከቦታቸው እንዲነሡ ተደረገ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1959 መጥተው የሥራውን መጀመር የሚያበሥረውን የመጀመሪያ አፈር በአካፋ አነሡ። በዚያን ቀን ኦርኬስትራውን የመራው ሊዮናርድ በርንስታይን ነበር፤ የዚያን ምዕራባዊ ሰፈር ልጆች ፍቅርና ጠብ ሁለት ዓመት ቀድሞ በሙዚቃ የተረከው ሰው ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1960 በጋ፣ የፊልሙ ሰዎች መጡ። አብዛኛው ፊልም የተነሣው ሆሊውድ ውስጥ በተሠራ ስቱዲዮ ነው፤ የጣሪያው ጭፈራም እንዲሁ። የመክፈቻው ዳንስ ግን በእውነተኛ መንገድ ላይ ተነሣ። የመጫወቻው ሜዳ በምሥራቅ በኩል 110ኛ መንገድ ላይ ነው። ጎረምሶቹ በመንገዱ መካከል እግራቸውን ወደ ሰማይ የሚያነሡበት ደግሞ ምዕራብ 68ኛ መንገድ ነው። በዚያ ያሉት ቤቶች እንዲፈርሱ ተወስኖባቸው ነበርና ዳንሰኞቹ የሚጨፍሩት ቀኑ በተቆረጠበት ሰፈር ውስጥ ነበር።

ከፏፏቴው ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን እስከ 68ኛ መንገድ ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጠፉ። አምስተርዳም የተባለውን ጎዳና ስታልፉ ሊንከን ታወርስ የተባሉ ረጃጅም መኖሪያ ፎቆች ታገኛላችሁ። ጄትስና ሻርክስ የጨፈሩበት መንገድ እዚህ ነበር። የፊልሙ ወዳጅ እንደመሆኔ እኔም እዚያ ሄጄ ደረጃዎቹንና የእሳት ማምለጫ መሰላሎቹን ብፈልግ አንዱም የለም። ዛፍ ተተክሎበታል፤ ጸጥ ያለ ነው። አሮጊቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። በፊልሙ ውስጥ የማውቀው ሰፈር ያለው በፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ፊልሙን እንደገና ሳየው ታሪኩ ራሱ ተለወጠብኝ። የሁለት እናቶች ልጆች የሚገዳደሉበት መሬት የሁለቱም አልነበረም። ካርታው ላይ መስመር የተሰመረው በሌላ ቢሮ ነው። የሚፈናቀለው ቤተሰብ ወደ ብሮንክስ ሲሄድም ሆነ ወደ ሃርለም፣ ዕቃው በመኪና ይጫናል። ጎረቤት ግን አይጫንም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንል ሰዎች ነንና፣ ልጅዋን ለጎረቤት ጥላ ወደ ስፌት ሥራ የምትሄድ እናት ሰፈር ሲፈርስባት ምን እንደምታጣ እናውቃለን። የሕንፃውን ውበት አልክድም፤ በውስጡ ተቀምጬ ተደስቻለሁ። ግን የተከፈለበትን ዋጋ ሳያውቁ መደሰት ግማሽ ደስታ ነው።

ይህን ያስተዋልሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2021 ፊልሙን እንደ አዲስ ሲሠራው የጀመረው ከፈራረሱት ቤቶች ነው። በፍርስራሹ መካከል የሚሠራውን ማዕከል የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። በዚህ ፊልም ሪታ ሞሬኖ ቫለንቲና የተባለችውን ባለ ሱቅ ሴት ሆና ተጫውታለች። በመጀመሪያው ፊልም አኒታ መልእክት ይዛ ወደ ሱቁ ስትገባ ጎረምሶቹ ከበው ያዋርዷታል። ሞሬኖ ያን ክፍል ስትሠራ የልጅነትዋ በደል ትዝ ብሏት እንዳለቀሰች ተናግራለች። በአዲሱ ፊልም ግን በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ነውር መካከል ገብታ «ተዉ» የምትለው አሮጊት ራስዋ ሞሬኖ ናት። ስድሳ ዓመት ቆይታ ለወጣትነትዋ የደረሰች መሰለኝ። አኒታን የሠራችው አሪያና ዴቦስም በ2022 በዚያው ክፍል ኦስካር ተሸልማለች። የመጀመሪያውን አሮጌ ፊልም ሳያዩ አዲሱን ያዩ ሰዎች የዚህን ቦታ ጣዕም ሙሉ በሙሉ አያገኙትም፤ ደጋግሞ ማየት ጥቅሙ ይህ ነው።

ዳንሱም ቢሆን ወደ አገሩ ተመልሷል። ሮቢንስ የቴአትሩን ዳንሶች መርጦና አቀናጅቶ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ ስዊት» በሚል ስም በ1995 ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት ሰጥቷል። እዚያው ሊንከን ሴንተር ውስጥ፣ ከፏፏቴው በስተግራ ባለው ቴአትር ቤት፣ በየጊዜው ይቀርባል። እዚያ ተቀምጬ ሳየው ጣት ሲጨበጨብ ከሥሩ የነበረው ሰፈር ታወሰኝ። ትኬት የማይገኝ ወይም ዋጋው የሚከብድ ከሆነ ከኦፔራው አጠገብ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የኪነ ጥበብ ክፍል አለ። መግቢያው በነጻ ነው። በሮቢንስ ስም የተሰየመ የዳንስ ክፍል አለውና የተቀረጹ ዳንሶችን ማየት ይቻላል። ፊልሃርሞኒክ በ2022 አዳራሹን አድሶ ሲከፍት መጀመሪያ ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ የትሪኒዳዱ ተወላጅ የኤትየን ቻርልስ «ሳን ሁዋን ሂል» የተባለ ድርሰት ነበር። የፈረሰው ሰፈር ስም በፈረሰበት ቦታ ተጠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፤ የወደዳችሁትን ፊልም እንደገና ብታዩ አትፈሩ። ሲሆን ብቻችሁን ሳይሆን ከእናታችሁ ወይም ከልጃችሁ ጋር እዩት። ልጆች ዳንሱን ያያሉ፤ እናቶች ጓዳውን ያያሉ። ከዚያ በኋላ እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ በልጅነታቸው የጨፈሩበት፣ ሠርግ ያዩበት ሰፈር ስሙ ማን ነበር? ጎረቤቶቹስ እነማን ነበሩ? ስማቸውን በደብተር ጻፉት። የሳን ሁዋን ሂል እናቶች ስም በሙሉ የተጻፈበት ፊልም የለም፤ የእናንተ ሰፈር ግን ገና የሚያስታውሱት ሰዎች አሉት።