የትኛው የሥዕል ፊልም ይበልጣል ስለሚባለው ክርክር

በቤተ ሰብ መካከል ከሚነሡት ክርክሮች ፍርድ የማይገኝለት አንዱ፥ በሥዕል ተሠርተው ከሚንቀሳቀሱት፥ ሕዝቡም ካርቱን ከሚላቸው ፊልሞች፥ ይልቁንም ተአምርና ምትሐት ካለባቸው፥ የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። ትልልቆች ሰዎች የልጅ ነገር ነው ብለው ይንቁታል። ነገር ግን በክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ልጆች ስለዚሁ እስከ ዕንባ ድረስ ሲከራከሩ እናያለን፤ ዕድሜያቸው ሠላሳና ዐርባ የሆነ የቢሮ ሰዎችም በልጅነታቸው ያዩት ፊልም ሲነቀፍባቸው ፊታቸው ይለወጣል። ስለዚህ ምክንያቱን መርምረን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመጻፍ ወደድን።

አስቀድመን የነገሩን ታሪክ በጥቂቱ እንግለጥ። ዘመኑን የምንጽፈው፥ ዓ.ም. ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። እስከ ዛሬ ሳይጠፉ ከቈዩት ረጃጅም የሥዕል ፊልሞች የመጀመሪያው፥ በ1926 በጀርመን አገር ሎተ ራይኒገር የምትባል ሴት ያወጣችው የልዑል አሕመድ ታሪክ ነው። ይህች ሴት ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቈረጠች፥ የቈረጠችውንም ጥቂት በጥቂት እያነቃነቀች ፎቶግራፍ በማንሣት፥ ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተውጣጣውን ታሪክ ጥላ ብቻ በሆኑ ሰዎች አሳየች። በ1937 አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ የበረዶ ነጯን ልጅና የሰባቱን ድንኮች ተረት በቀለምና በዜማ አወጣ። ፊልሙ 83 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ተመልካቹ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሥዕል ሳይታወቀው አይቶ ይነሣል። በ1939 የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ ለዚሁ ሥራ የሰጠው ሽልማት አንድ ትልቅ ሐውልትና ሰባት ትናንሾች ነበሩ፤ ዳኞችም አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ያውቃሉ።

ዳኛ ከፈረደ ክርክሩ ያበቃል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የሆነው እንዲህ ነው። አካዳሚው ለረጃጅም የሥዕል ፊልሞች ብቻ የሚሆን ሽልማት የጀመረው በ2002 ነው፤ የመጀመሪያውንም ሽሬክ የተባለው ወሰደ። በማግሥቱ ዓመት ጃፓናዊው ሀያኦ ሚያዛኪ በ2001 ያወጣው ስፒሪትድ አዌይ የተባለው ፊልም ተሸለመ፤ ይኸው ፊልም በ2002 በበርሊን የፊልም በዓል የወርቅ ድቡን ከሌላ ፊልም ጋራ ተካፍሎ ነበር። ይህን ፍርድ ሰምቶ ዝም ያለ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

ለመለያየቱ የመጀመሪያው ምክንያት ግልጥ ነው፤ ምሳሌውም በሲሪንቃ ይገኛል። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፥ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፥ በግብርና ምርምር ማዕከልዋ የታወቀች ስፍራ ናት። ከማዕከሉ ሥራዎች አንዱ ዝናብ ባጠረ ጊዜ ፈጥኖ የሚደርስ የማሽላ ዘር መፈለግ ነው። የትኛው ማሽላ ይበልጣል ቢባል፥ መርማሪው በስንት ቀን እንደ ደረሰና በሄክታር ስንት ኩንታል እንደ ሰጠ ቈጥሮ ይመልሳል። ገበሬው ግን አገዳው ረዝሞ ለከብት መኖና ለማገዶ ይበቃ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ባለቤቲቱ እንጀራው ለማግሥቱ ሳይደርቅ ያድር እንደ ሆነ፥ ጠላውም ይጣፍጥ እንደ ሆነ ትመረምራለች። ልጆቹ እሸቱን ብቻ ይጠብቃሉ። ሁሉም የተናገሩት ስለ ማሽላ ነው፤ የዋሸም የለም።

የሥዕል ፊልምም እንዲሁ ብዙ ሙያ በአንድ ላይ የተፈተለበት ነው። በ1994 የወጣውን አንበሳው ንጉሥ የተባለውን የሚያመሰግን ሰው፥ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ዜማው፥ ይልቁንም ደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም በዙሉ ቋንቋ ስለሚጀምረው ስለ መክፈቻው ጩኸት ነው። የሚያዛኪን የሚያመሰግን ደግሞ፥ በቈሻሻ የታፈነው የወንዝ መንፈስ በመታጠቢያው ቤት ሲታጠብ፥ ከሰውነቱ ውስጥ ብስክሌት ሲጐተት የሚታይበትን ሥዕል ያነሣል። ሌላው ከ1995 ጀምሮ በኮምፒዩተር ብቻ የሚሠሩትን እንደ አሻንጉሊት የሚያብረቀርቁ ናቸው ብሎ ይጠላል፤ ልጆቹ ግን በእጅ የተሣለውን አሮጌ ይሉታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በሲሪንቃ ያየነው ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር አስተማረን።

በ2014 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ሄደን ነበር። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ ደርሶ፥ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ ብዙ መከራ አይቶ ነበርና፥ መሄዳችን እንኳን ተረፋችሁ ለማለት ነው። ከእኛ ጋራ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ነበረ፤ በቤቱም የወንድማችን ልጅ የሆነች የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅና ሁለት ታናናሾችዋ፥ የእናትዋም እናት አሮጊቲቱ ነበሩ። ልጆቹ በተዋወቁ በማግሥቱ ክርክሩ ተነሣ።

ልጃችን የሚያዛኪ ወገን ነው። አባትና እናትዋ ተለውጠውባት በመናፍስት አገር ብቻዋን የቀረችውን ልጅ ታሪክ በታላቅ ትጋት ይተርክላቸው ጀመር። ወላጆችዋ ያልተሰጣቸውን ምግብ በስስት በልተው አሳማ ሆኑ ከሚለው ሲደርስ ግን፥ ትንንሾቹ አፋቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሮጡ። «እናትና አባትን አሳማ ያደረገ ፊልም ምኑ ይወደዳል?» አለች ልጅቱ። አሳማ በጃፓን የሚበላ እንስሳ ነው፤ በዚህ ፊልም ውስጥም የስስት ምሳሌ ሆኖ ቀረበ። በወሎ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በገበታው አጠገብ ስሙ እንዲጠራ አይወድም። እንግዲህ ጃፓናዊው በልጆች ላይ ትንሽ ፍርሃት ሊያሳድር ያሰበበት ስፍራ፥ ለእነዚህ ከነውር ሁሉ የከፋ ሆነ። የበርሊን ዳኞች ይህን እንዴት ያውቁታል?

የልጅቱ ፊልም አንበሳው ንጉሥ ነው። እርስዋም በተራዋ ስትተርክ ልጃችን በየመካከሉ «እንዲህ አይልም እኮ!» እያለ ያቋርጣት ነበር። ነገሩን ስንጠይቅ ምክንያቱ ተገኘ። በዚያ ቤት ፊልሙ የታየው በእንግሊዝኛ ነው፤ ትንንሾቹም ቋንቋውን አያውቁምና፥ ታላቅ ወንድማቸው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ ቃሉን ሁሉ በአማርኛ ያስረዳቸው ነበር። በእርሱ ትርጓሜ፥ ክፉው አጎት ወንድሙን የገደለው ስለ መሬት ነው፤ ልጁንም ያባረረው የአባትህን ርስት አትጠይቅ ብሎ ነው። በድንጋዩ ራስ ላይ ግልገሉን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ የሚያሳየው ሽማግሌ ዝንጀሮ ዱዓ አድራጊ ሆነ። አንበሳው ያደገው ከከርከሮ ጋራ ነው፤ ይህ ግን አያታቸውን እንዳያስከፋ፥ ወንድምየው ከርከሮውን በአፉ ቀንድ ያበቀለ ጥጃ አደረገው። ጅቦቹ አገሩን በልተው ምድሪቱ የደረቀችበትን ክፍል ደግሞ፥ እንደ ሰባ ሰባቱ ነው ብሎ፥ በ1977 ዓ.ም. በወሎ የሆነውን እያስገባ ተረከው።

በእንግሊዝኛው ግን የነገሩ ክብደት በሌላ ስፍራ ነው። ግልገሉ አባቱ በእርሱ ጥፋት የሞተ መስሎት የሚሸሸው በኀፍረት ነው፤ አጎቱም የያዘው በዚሁ ነው። ሁለቱ ልጆች እንግዲህ አንድ ፊልም ተመለከቱ ለማለት አይቻልም፤ አንዱ የጸጸት ታሪክ አየ፥ ሁለተኛይቱ የርስትና የረኃብ ታሪክ ሰማች።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ያን ጊዜ በኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠው፥ ወንድማቸውም እያስተባበረ፥ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ይሉት ነበር። ማታ ማታ ከውጭ የሚሰማውን እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደ ነበር እናታቸው ነገረችን። መብራቱ ተመልሶ ፊልሙን እንደ ገና ባዩት ጊዜ፥ ትንሹ ልጅ «ይኼኛው አጭር ነው» ብሎ አዘነ። ወንድምየውም በዚያው ዓመት፥ ከሀብሩና ከወልድያ ብዙ ጐልማሶች እንደሚያደርጉት፥ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ መብራት ባለ ቀን ሁሉ ያንኑ ፊልም ትከፍታለች። ልጃችን የተሳሳተውን ላቃና ብሎ በተነሣ ጊዜ እናቲቱ ወደ ጓዳ ጠርታን «እባካችሁ ተዉልኝ፤ የእርሱን ድምፅ የምትሰማበት ነው» አለችን።

በዚህ ላይ ብዙ አሰብን። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በ1957 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ አባባ ተስፋዬ፥ ማለት አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ፥ በ2009 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ለብዙ ዓመታት ተረት ሲነግሩ ሁሉ ልጅ ቃሉን በአንድነት ሰማ። ፀሐይ መማር ትወዳለች የተባለችው የቀጭኔ አሻንጉሊትም የተናገረችው በአማርኛ ነው። በእነዚህ ላይ ልጆች ወደድሁ ጠላሁ ይባባሉ ይሆናል እንጂ፥ ምን እንደ ተባለ አይከራከሩም። የባዕድ ቋንቋ ፊልም ግን በመካከሉ ተርጓሚ ይፈልጋል። ተርጓሚው በአንዱ ቤት አባት ነው፤ በሌላው ታላቅ እኅት ናት፤ በሌላውም ተርጓሚ የለምና ልጁ ከሥዕሉ ብቻ ገምቶ የራሱን ታሪክ ይሠራል። የትኛው ይበልጣል ሲባል፥ ከፊልሙ ጋራ ያ ተርጓሚ አብሮ ይመዘናል። ልጃችንም ቢሆን የጃፓኑን ፊልም ያየው ቤት በለወጥንበት ወር፥ ጓደኞቹን ሁሉ ትቶ በመጣ ጊዜ፥ ከአባቱ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ነው። የፊልሙ ታሪክ የሚጀምረውም ወደ አዲስ ቤት በምትወሰድ ልጅ ነው። ይህን እርሱ ራሱ አላነሣውም፤ የሚያመሰግነው ሥዕሉን ነው።

የእኛን ፍርድ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ኪሪኩን እናስቀድማለን። በ1998 ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ ያወጣው ሲሆን፥ ዜማውን የሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ሠራ። በአንዲት የምዕራብ አፍሪካ መንደር የተወለደው ድንቢጥ የምታህለው ልጅ፥ ጠንቋይዋ ምንጩን አደረቀች ሲሉት፥ ሌላው ሰው ሁሉ ሲፈራት፥ እርሱ ስለ ምን ክፉ ሆነች ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በሌላ ካርቱን እንዲህ ጸንቶ ሲጠየቅ አላየንም። ውኃ ከሩቅ እየተቀዳ በሚጠጣበት ቤት ማደጋችን ለምርጫው አስተዋጽኦ የለውም ብለን ግን አንምልም።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው እሑድ ወንድምየው ከዓረብ አገር ስልክ ደወለ። ልጃችንም ሰላምታውን ሳይጨርስ፥ በዚያ ፊልም አጎትየው ግልገሉን ምን እንዳለው ጠየቀው። ከስልኩ ሣቅ ተሰማ፤ «እኔ እንግሊዝኛውን መቼ ሰማሁት! ከእማማ የሰማሁትን ነው የነገርኋቸው» አለ። ሁላችንም ልጅቱን ተመለከትን። ስልኩን ከልጃችን ተቀብላ «ቢሆንም ያንተ ይበልጣል» አለችው፤ ቀጥላም በልቶ እንደ ሆነ ጠየቀችው።

በዚያ ማታ ልጃችን፥ ማንም ሳያዘው፥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋና እርስዋ እንድትተርክ ለመናት። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ተረከች፤ ጥጃውም ዱዓ አድራጊውም በየስፍራቸው ገቡ። በመጨረሻ ክፉው አጎት ተሸንፎ፥ ደመና ከብዶ፥ በደረቀው ምድር ላይ ዝናብ ወረደ፤ ትንንሾቹም እልል አሉ። አሮጊቲቱ ከጓዳ ብቅ ብለው፥ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፥ ሥዕሉን ጥቂት ተመለከቱና «በሰባ ሰባት እንዲህ ቶሎ አልዘነበም» አሉ።