የአንድ ብሩ ፏፏቴ

ጢስ ዓባይን ከማየቴ ከብዙ ዓመት በፊት ምስሉን በኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባው ላይ ፏፏቴው ነበር። እኛ ሞያሌ ደግሞ ብር ከኬንያ ሽልንግ ጋር ሲመነዘር ስለሚውል፣ ኖቱ ከእጅ እጅ ነትቦ ውሃው ከአቧራው አይለይም ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር አስተማሪ ሆኖ ተመደበና «ለመስቀል ና» አለኝ። መንገዱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አውቶቡሱ በየከተማው እያሳደረን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ስንደርስ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጢስ ዓባይ ሄድን። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ቀጥሎ ካፊያው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሸሚዜ ረጠበ። ፈረንጆቹ ካሜራቸውን በፌስታል ይሸፍናሉ፤ ባዶ እግሩን የሚከተለን ልጅ «ጋሼ፣ እዚህ ይቁሙ፣ ከዚህ ነው ደህና የሚታየው!» እያለ እጄን ይጎትታል። የቆምኩበት ሣር ጭቃ ሆኖ ያንሸራትታል። የማርያም መቀነት ከእግሬ በታች፣ ገደሉ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ቁልቁል አይቼው አላውቅም ነበር። የፏፏቴው ቁመት 45 ሜትር ገደማ፣ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ነው ይላሉ። እኔ መለካቱ አልታየኝም። የታየኝ በቦረና ያለው የዱብሉቅ ኤላ ነው፦ ወንዶች ጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እያዜሙ፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ገንዳውን ሲሞሉ፤ ከብቱ በሦስት ቀን አንዴ ተራው ደርሶ ሲጠጣ።

በኋላ የሄዱ ወዳጆቼ «ምኑን አየኸው? ባዶ ገደል ነው እኮ» ይሉኛል። በበጋ ከሄዱ እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ በ1956 ሲሠራ ፏፏቴውን ብዙም አልጎዳውም፤ በ1993 የተጨመረው ሁለተኛው ግን ውሃውን ከላይ ጠልፎ ወሰደው። በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ ከራሱ መቅዳት ጀመረ። የሚቆጩ ብዙ ናቸው። እኔ ቀድሜ በማየቴ ደስ ቢለኝም፣ በፋኖስ ያጠና የሞያሌ ልጅ መብራትን ለመውቀስ አፉ አይፈታለትም።

ያኔ እንደተመለስኩ ጎረቤታችን የነበሩ፣ ብዙ ከብት ያላቸው የቦረና ሽማግሌ ቡና ላይ ሁሉን በዝርዝር አስነገሩኝ።

«ጨው አለው?» አሉ መጀመሪያ።

«የለውም አባባ።»

«ተራ የሚያስይዘው ማነው?»

ተራ የሚባል እንደሌለ፣ ውሃው ዝም ብሎ ሱዳንና ግብፅ እንደሚወርድ ነገርኳቸው።

«ያለ ተራ?» አሉና ሁለተኛውን ሲኒ ተቀበሉ። «እንግዲያው መጣላታቸው አይቀርም።»